ልጄን ያተረፈቻት

በአንድ ወቅት፣ ብርዱ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት በደብረ ብርሃን፣ ፀዳለ የምትባል ጥፍር ሠሪ ነበረች። ቤቷ ጠባብ ነው፤ መስኮት የለውም። ደንበኞቿ ገና ከመቀመጣቸው «በሩን ዝጊልን» ይላሉ፤ የቀለሙና የማስለቀቂያው የአሴቶን ሽታም እዚያው ታፍኖ ይውላል። የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ እንጂ ሽታ መቼ ያስፈራዋል።

ፀዳለ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ጨንግፈውባታል። በሦስተኛው ሐኪሟ ሥራዋን ጠየቀቻት። የቀድሞዎቹ በቀለሙ ሽታ ምክንያት ነው የጠፉት ብላ እንደማትምል፣ ነገር ግን እንዲህ ታፍኖ መዋል ለነፍሰ ጡር እንደማይበጅ ነገረቻት። ፀዳለ ደግሞ ቤቱን መዝጋት አትችልም፤ ባሏ ወንድይፍራው እግሩን ከተሰበረ ወዲህ ጎጆው የቆመው በእሷ እጅ ነው። ጭንቀቷን ለሦስት ወዳጆቿ እያለቀሰች አዋየቻቸው። ሦስቱም ከንፈር መጠው አልቀሩም።

ብዙአየሁ አብራት የምትሠራ ናት። በማግስቱ መቀመጫዋን ወሰደችባትና «አንቺ በረንዳ ላይ ሆነሽ ደንበኛ ተቀበዪ፤ ቀለሙን ለእኔ ተዪው» አለቻት። የሁለት ሰው ሥራ ብቻዋን ሠራች፤ የሁለት ሰው ሽታም ብቻዋን ሳበች። ከልጅነቷ ጀምሮ አስም እንዳለባት ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ዛሬ ጥቂት ዳገት ስትወጣ መሀል ላይ ትቆማለች፤ ልትስቅ ስትል ሳሉ ይቀድማታል።

ሙሽሮች ግን ከፀዳለ እጅ ሌላ አንፈልግም ስለሚሉ እሷም መግባቷ አልቀረም። ይህን ያየችው ጎረቤቷ ይርገዱ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት። ማንንም ሳታማክር ዶማ አንስታ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለውን ግድግዳ ነደለችው። ነፋሱ በእሷ መስኮት ገብቶ በፀዳለ በር እንዲወጣ መስኮቷን ቀኑን ሙሉ ከፍታ፣ የስፌት መኪናዋን እዚያው ነፋስ ላይ አድርጋ ሰፋች። ክረምቱ ሲያልቅ ጣቶቿ አብጠው ደርቀው ነበር። አሁን ክር በመርፌ የሚያስገባላት ሰው ትለምናለች።

ደንበኞቹ ምን አደረጉ? ቀዳዳው ላይ ነጠላ ጋረዱበት።

ምንታምር መድኃኒት ቤት ትሠራለች። የቀለሞቹን ጠርሙስ እያገላበጠች አነበበችና፣ አንዳንዶቹ ውስጥ ቶሉይንና ፎርማልዴሃይድ የሚባሉ ለፅንስ የሚያሰጉ ኬሚካሎች እንዳሉ ለፀዳለ ነገረቻት። አዲስ አበባ ወርዳም እነዚህ የሌሉበትን ቀለም ፈልጋ አመጣች። ፍጹም ነው አላለችም፤ ይሻላል ነው ያለችው። ፀዳለ ግን ቶሎ አይደርቅም፣ ቶሎ ይላጣል ብላ አልነካም አለች። አንድ እሑድ ፀዳለ ቤተ ክርስቲያን ሳለች ምንታምር ቁልፉን ከብዙአየሁ ተቀብላ የድሮውን ቀለም ሁሉ ለቅማ ወሰደች፤ አዲሱን ደርድራ ወጣች።

በዚያው ሰሞን የአንዲት ሙሽራ ጥፍር ገና ድግሱ ሳያልቅ ተላጠ። የሙሽራዋ እናት መጥታ ፀዳለን መንገደኛ እየሰማ አዋረደቻት። ፀዳለም ምንታምርን ጠርታ «ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጪ» አለቻት። ሌላ ቀለም ስላልነበራት ግን እስክትወልድ የሠራችው በዚያው ነው። ምንታምር በዚያ መንገድ ስታልፍ ማዶውን ይዛ ነበር የምትሄደው።

ሕፃኗ በደህና ተወለደች፤ ጤነኛ፣ ጯሂ ልጅ። የእናቷ ደም ግን አልቆም አለ። ሐኪሞቹ ሲሯሯጡ ፀዳለ ባሏን እጁን ይዛ «ልጄን ያተረፈቻት ክርስትና ታንሳት» አለችው። ማን እንደሆነች ቢጠይቃት፣ ስሟን ሳትጠራ ነፍሷ ወጣች። ያን ሁሉ የሰው ጥፍር ያስዋበች ሴት በባዶ ጥፍሯ ተገነዘች።

በሰማንያ ቀኗ ሕፃኗ ለክርስትና ስትወሰድ፣ የሟችን ቃል የሰሙት ሦስቱም ሴቶች ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ተገኙ።

ብዙአየሁ እያሳላት «በእናቷ ፈንታ ሽታውን የሳብኩት እኔ ነኝ» አለች።

ይርገዱ «እዚያ ቤት ነፋስ ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለች። ጣቶቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች።

ምንታምር ከበሩ አልፋ አልገባችም። «መርዙን ከቤቷ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች፤ ቀጥላም ድምፅዋ እየተሰበረ «ሳትታረቀኝ ሞተች» አለች።

ወንድይፍራው ሐኪሟን አስቀድሞ ጠይቆ ነበር። ልጅቷን ያተረፋት ከሦስቱ ሴቶች ሥራ አንዱ ይሁን፣ ሦስቱም ይሁኑ፣ ወይስ አንዳቸውም አይሁኑ፣ ማንም በእርግጠኝነት ሊነግረው እንደማይችል ነው የመለሰችለት። የሟች ቃል ደግሞ ቃል ነው፤ እንዲሁ አይታለፍም።

ቄሱ «የክርስትና እናቷ ማን ናት?» አሉ። ወንድይፍራው በምርኩዙ ተደግፎ ሕፃኗን እንደታቀፈ ቆመ። ሁለት ሴቶች እጃቸውን ዘረጉ፤ አንዷ ከበሩ ውጭ ታለቅሳለች።

እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ፣ የፀዳለን ልጅ ለማን ታቀብሉ ነበር?