የተመሳቀሉት መስታወቶች

አንዲት መነጽር ሻጭ ነበረች፤ ስሟ ትርፌ ነው። ሐይቅ ዳር፣ ጀልባዎች ከሚታሰሩበት ቦታ አጠገብ ተቀምጣ ለዓሣ አስጋሪዎች የውሃ ነጸብራቅ የሚሰብር ጥቁር መነጽር ትሸጣለች። ያን መነጽር ያደረገ ሰው ከውሃው ሥር ዓሣውንም ጉቶውንም ያያል። ያላደረገ የፀሐይዋን ብልጭታ ብቻ ያያል።

አንድ ቀን እናኑ የምትባል ሴት መጥታ ከጎኗ የራሷን መነጽር ዘረጋች። መነጽሩ ያው፣ ዋጋውም ያው ነው። ሰው ግን ወደ እናኑ አዘነበለ። እሷ ስትስቅ ገዢው አብሯት ይስቃል። ትርፌ የራሷን ዕቃ ትታ የጎረቤቷን ደንበኛ ስታይ ትውላለች። ጠዋት ጠዋት እናኑ «እንዴት አደርሽ፣ ትርፍዬ?» ስትላት እንኳ «ልታላግጥብኝ ነው» እያለች እርር ድብን ትላለች። ባሏ ምሳ ላይ «ያቺ ጎረቤትሽ ግን ሰው አያያዝ ታውቃለች» ቢላት ጉርሻዋን ትሪው ላይ መልሳ ተነሳች።

አንድ ቀን የመነጽር መስታወት ስትወለውል ሁለቱን ደራርባ ወደ ሰማይ አየች። አንዱን ስታዞረው ብርሃኑ ቀስ እያለ ደከመ፤ ሲመሳቀሉ ጭራሽ ድርግም አለ። መልሳ ስታዞረው በራ። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

በማግስቱ አንድ ዓሣ አስጋሪ የእናኑን መነጽር አንስቶ ሲያገላብጥ ጠራችው።

«ና እስቲ ወንድሜ። በእኔ መነጽር ብቻ እይ፤ ይታይሃል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

የእናኑን አመሳቅላ ደረበችበት። «አሁንስ?»

«ኧረ ጨለመ!»

«እንግዲህ እኔ ምንም አልወጣኝም» አለች ትርፌ።

ሳምንት ሳይሞላ «የእናኑ መነጽር ያሳውራል» ተባለ። እናኑ ገዢ ካጣው ዕቃዋ ላይ አቧራ ስታራግፍ የትርፌ ጥርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ግን አስጋሪዎቹ ሙከራውን ተምረውት ነበር። የትርፌንም መነጽር በአሮጌ መነጽራቸው ላይ እያመሳቀሉ አዩት። «ያንቺም ያው ነው!» ብለው ጥለዋት ሄዱ። ሁሉም አሮጌውንም አውልቆ ባዶ ዓይኑን ውሃ ላይ መውጣት ጀመረ።

ያ አስጋሪ አንድ ከሰዓት በኋላ ልብሱ እየተንጠባጠበ መጣ። ጀልባው ያላየው ጉቶ ላይ ወጥታ ለሁለት ተሰንጥቃለች፤ እሱ ዋኝቶ ነው የወጣው።

«እግዜር ይስጥሽ እትዬ» አለ። «ያን የእናኑን መነጽር ገዝቼ ቢሆን ከዚህም ይብስ ነበር።»

ትርፌ አንገቷን ደፋች። አጠገባቸው መነጽር የሚጠግኑት አባባ ሽፈራው ይህን ሰምተው ሁለት መስታወት አቀበሏት።

«ለእኔም አሳዪኝ፣ ልጄ።»

አመሳቅላ ያዘችው፤ ጨለመ።

«ቀጥዪ፤ አዙሪው።»

ትርፌ አላዞረችውም። ሽማግሌው ሦስተኛ መስታወት አውጥተው በሁለቱ መካከል አዘንብለው አስገቡት። ጨለማው ውስጥ ትንሽ ብርሃን መጣ።

«አየሽ፣ ይህ መስታወት በውስጡ የማይታይ መስመር አለው፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በዪው። አንዱ ለብቻው ከብርሃኑ ግማሹን ያስቀራል፣ ግማሹን ያሳልፋል። ሁለቱ በአንድ መስመር ሲቆሙ ያ ግማሽ ያልፋል። ሲመሳቀሉ ምንም አያልፍም። መሐል ዘንብሎ የገባው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ትንሽ ያሻግራል። እስቲ ንገሪኝ፣ የጨለመው የማንኛችሁ ነው?»

ትርፌ ሦስተኛውን መስታወት አውጥታ ለሽማግሌው መለሰች። ከዚያ በአስጋሪውና በእናኑ ፊት መስታወቱን አዞረችው። ብርሃኑ ገባ።

«አውቀው ነበር» አለች። «መነጽሯ ምንም የለበትም። የተመሳቀልኩት እኔ ነኝ።»

አስጋሪው ወደ ተሰነጠቀችው ጀልባው ሄደ። እናኑም ያን ቀን አልሳቀችም። በማግስቱ ግን «እንዴት አደርሽ?» አለቻት፤ «ትርፍዬ» ሳትል።

ቅናት የሰውን ብርሃን የሚያጠፋ ይመስለናል። የሚያጨልመው ግን ሁለታችንንም ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ደግሞ በእኛ ዓይን አምኖ ውሃ ላይ የወጣውን ሰው ነው። መስታወቱን መስበር አያስፈልግም፤ ራስን ትንሽ ማዞር ይበቃል። ሁለት ሰዎች ተመሳቅለው ስታይ ደግሞ መሐል ገብተህ ዘንበል በል፤ ትንሽም ቢሆን ብርሃን ያልፋል።

እኛስ ዛሬ በማን ብርሃን ላይ ተመሳቅለን ቆመናል?