የሸለምጥማጧ ክርፋት ያባረረው ውሻ

አንድ ጊዜ፣ ከተማው አልቆ ወንዙ ከሚጀምርበት ሰፈር፣ መክት የሚባል ውሻ ነበር። እመቤቱ እትዬ አስካለ እንቁላል ሻጭ ናቸው። መክት ይሄ ነው የሚባል ሀብት የለውም። ያለው የግቢው በር፣ ከበሩ ሥር የሚተኛባት ጆንያና የሴትዮዋ ዶሮዎች ናቸው። ዶሮዎቹን ግን እንደ ራሱ ልጆች ነው የሚጠብቃቸው፤ አንዷ እንኳን ብታስነጥስ ብድግ ይላል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ዶሮዎቹ ቆጥ ሲወጡ፣ አንዲት ሸለምጥማጥ ከአጥሩ ሥር ሾልካ ገባች። ትንሽ ናት፤ ጥቁር ሆና ጀርባዋ ላይ ነጭ መስመር ተጋድሞባታል። መክት ዘሎ ፊቷ ተገተረ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ራት ነዋ!» አለችው። «ወንድሜ፣ መንገዱን ልቀቅልኝ። ጀርባዬን ካዞርኩብህ በኋላ አልሰማሁም እንዳትል።»

መክት ሳቁ መጣ። በውሾች ዘንድ ጀርባውን ያዞረ ተሸነፈ ማለት ነው፤ ጠቡም እዚያው ላይ ያበቃል። ይሄን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው።

«አዙሪያ! ሳይመሽብሽ አዙሪ!» አላት።

አዞረች። ጅራቷንም ሽቅብ አቆመች። መክት «ፈራች!» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ጠጋ አለ።

ከዚያ የሆነውን አፍንጫ ያለው የሰፈር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፊቱን፣ ጆሮውን፣ ደረቱን በክርፋት አለበሰችው። ዓይኑ ተቃጠለ፣ ትንፋሹ ተያዘ። ቢሆንም ከቆጡ ሥር ንቅንቅ አላለም፤ እያሳለ ይጮኻል፣ እየጮኸ ያስላል። ሸለምጥማጧ ብታይ ብታይ «ይሄስ የለየለት እብድ ነው» ብላ በመጣችበት ቀዳዳ ወጣች። ከቆጡ አንዲት ላባ አልወደቀችም።

ሲነጋ እትዬ አስካለ በራቸውን ከፈቱ። መክት ሊመሰገን ነው፣ ጅራቱን እየወዘወዘ በረረ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጥለው ወደ ኋላ ተንደረደሩ።

«ኡኡ! ምን ውስጥ ገብተህ ነው አንተ? ወግድ!»

አንድ ባልዲ ውኃ ቸለሱበት። ውኃው ሽታውን የባሰ ቀሰቀሰው እንጂ አላጠበውም። አጥሩ ላይ የተሰጣው ጋቢና አንሶላ ሳይቀር ከረፋ። በዚህ መሃል እንቁላል የሚረከባቸው ባለሱቁ ተካልኝ መጣና ከበሩ ላይ ቀጥ አለ።

«እትዬ አስካለ፣ እንቁላሉን ቀብረው እያወጡ ነው እንዴ የሚሸጡልን?» ብሎ አፍንጫውን ይዞ ተመለሰ።

እትዬ አስካለ በሀፍረት የሚገቡበት ጠፋቸው። መጥረጊያ አንስተው መክትን እስከ ውጭ ሸኙት።

«ስማ፣ ይሄ ግማት እስከ ቅዳሜ ካልለቀቀህ የእህቴን ውሻ ነው የማስመጣው። ደንበኛ እያባረርክብኝ ምን ልበላ ነው?»

በሩ ተዘጋ። ጆንያዋም ከውስጥ ቀረች።

መክት ወንዝ ወንዙን ወረደ። የሚያውቁት ውሾች ከሩቅ ሲያዩት መንገድ ቀየሩ። ያመመው ክርፋቱ አይደለም፤ ክርፋትስ ይለመዳል። ያመመው «ዶሮዎቹን እኮ ጠበቅኩ» ብሎ የሚነግረው ሰው ማጣቱ ነው።

ቁጥቋጦ ሥር የተጋደመው ቀበሮ አፍንጫውን በጅራቱ ሸፍኖ ጠራው።

«ጋሼ መክት! ምነው፣ ዛሬ ደግሞ ምን ዓይነት ሽቶ ነው የተቀቡት?»

«አትቀልድብኝ ቀበሮ። ከቤት ተባርሬያለሁ» አለና ሁሉንም ዘረገፈለት።

«እና ዶሮዎቹን አሁን ማን ይጠብቃቸዋል?» አለ ቀበሮ፣ እንደ ዋዛ።

«ማንም።»

ቀበሮ ምራቁን ዋጥ አደረገ። «አይ ወንድሜን! አንጀቴን በላኸው እኮ። በል ምክር ልስጥህ፤ ሽታን የሚያስለቅቀው ሌላ ሽታ ነው። ከገደሉ ሥር አንድ የሞተ በሬ አለ። እሱ ላይ ተንከባለል። የበሬው ሽታ የሸለምጥማጧን ይውጠዋል። ታዲያ እስከ ነገ ከዚያ አትነቃነቅ፣ መድኃኒቱ እንዲሠራ።»

የተጨነቀ ሰው ምክር አይመርጥም፤ ውሻም እንደዚያው ነው። መክት ሄዶ በሬው ላይ በጀርባውም በሆዱም ተንከባለለ። ሲነሳ የሸለምጥማጧ ሽታ እዚያው አለ፤ የበሬው ደግሞ ተደርቦበታል።

ይሄኔ ከዋሻው ውስጥ አያ ጅቦ ዓይኑን እያሸ ወጣ። ጥንብ በሸተተው ቁጥር ቀንም ሌሊትም የለውም። መክትን ዞሮ ዞሮ አሸተተው።

«አንተ፣ ውሻ ነህ ወይስ ምሳ?»

«ውሻ ነኝ፣ አያ ጅቦ።»

«እንዲህ የሚጣፍጥ ውሻ አይቼ አላውቅም» አለ ጅብ ለሃጩን እያዝረበረበ። «ለማንኛውም ዛሬ አልበላህም፣ ሆዴን ለማታ እያስቀመጥኩለት ነው። ቀበሮ አሁን መጥቶ ነግሮኛል። የእንቁላል ሻጯ ውሻ በክርፋቱ ተባሯል አሉ። ዶሮዎቹ ለእሱ፣ አህያዋ ለእኔ። ለማንም አትንገር ብሎኛል፤ አንተም ለማንም እንዳትናገር፣ እሺ?»

«እሺ» አለ መክት። ጅብ የሚያወራው ከማን ጋር እንደሆነ እስኪገባው ድረስ መክት ሸለቆውን አልፎ ሄዷል።

ወንዙ ዳር ዳለቻ ቆማ ሣር ትግጣለች። ዳለቻ የእትዬ አስካለ አህያ ናት፤ የከረፋውን ጋቢና አንሶላ ተሸክማ የመጣችው እሷ ነች። እትዬ አስካለና ጎረቤታቸው ዘነቡ ትንሽ ራቅ ብለው እንዶድ ወቅጠው፣ አረፋውን በትልቅ ገበቴ ሞልተው ልብስ ያጥባሉ።

ዳለቻ መክትን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ግን አልሸሸችም።

«ሽታህ ያስለቅሳል» አለችው። «ቢሆንም አንተው ነህ። ና ጠጋ በል።»

ከትናንት ጀምሮ «ና» ያለው አልነበረም። መክት የሸለምጥማጧንም፣ የበሬውንም፣ ቀበሮና ጅብ ለማታ ያሰቡትንም እየተንተባተበ ነገራት።

«ቀበሮ ሞኝ አደረገህ» አለችው። «ሽታ ላይ ሽታ ሲደረብ ሁለት ሽታ ነው የሚሆነው፤ ሌላ ነገር አይሆንም። ያቺ የረጨችብህ ነገር ቅባትነት አለው፣ ለዚያ ነው በውኃ ብቻ እንቢ ያለው። እኔ ጀርባዬ በጭነት ላብ ሲላቆጥ የማደርገውን አድርግ። ያ የአመድ ክምር ይታይሃል? መጀመሪያ እዚያ ላይ ተንከባለል።»

«አመድ ላይ? እንደ አህያ?»

«አዎ፣ እንደ አህያ። በሬሳ ላይ ስትንከባለል አላፈርክ፣ አሁን ልታፍር ነው?»

መክት ጆሮውን ጥሎ ሄደ። ሰፈርተኛው ምድጃውን ጠርጎ የሚደፋው አመድ ላይ ቆዳው እስኪደርቅ ተንከባለለ። ተመልሶ ሲመጣ ነጭ ውሻ ሆኗል። ወደ ገበቴው ሲጠጋ ግን ሴቶቹ ጮኹ።

«ሂድ! ልብሴን ታበላሽብኛለህ!» አሉ እትዬ አስካለ ድንጋይ እየፈለጉ።

ዳለቻ ነገር አላበዛችም። ጠጋ ብላ ገበቴውን በአፍንጫዋ ገፋ አደረገችው። የእንዶዱ አረፋ በሙሉ መክት ላይ ተገለበጠ።

«ያንተ ያለህ! አህያዋም አበደች!» አሉ እትዬ አስካለ።

ዘነቡ ግን አየሩን እያሸተተች ቆማለች። «ቆዩ እስኪ፣ ይሄ ሽታ… ይሄማ የዚያች የሸለምጥማጥ ሽታ ነው! ትናንት ማታ እኔ ቤት ገብታ ቆጡን ባዶ አድርጋው ሄዳለች። የእኔ ጉድ ውሻ ጅራቷን ስታቆምበት አልጋ ሥር ገባ፤ ዛሬ እንደ ሙሽራ ንጹሕ ነው፣ ዶሮ ግን የለኝም። የእርስዎስ ስንት ወሰደችብዎት?»

እትዬ አስካለ ያነሱት ድንጋይ ከእጃቸው ወደቀ።

«አንድም» አሉ። «አንድም አልጎደለብኝ።»

እጅጌያቸውን ሰብስበው አረፋው ውስጥ ተንበረከኩ። መክት ሊመቱት መስሎት ዓይኑን ጨፈነ። እሳቸው ግን ጆሮውን፣ አገጩን፣ ደረቱን እየፈተጉ «ለእኔ ብለህ ነው እኮ፣ ለእኔ ብለህ ነው የከረፋኸው፣ የእኔ ጌታ» ይላሉ። ዓይኑን ብቻ እየጠበቁ፣ እንዶድ ዓይን ያቃጥላላ! አጥበው፣ አለቅልቀው፣ በገዛ መቀነታቸው አደረቁት።

ሊመሽ ሲል ቀበሮና ጅብ ከአጥሩ ውጭ ተገናኙ። ቀበሮ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አነሳ።

«ውሻው የለም። ቢኖር ኖሮ ከወንዙ ማዶ ይከረፋኝ ነበር» ብሎ ዘና ብሎ በቀዳዳው ገባ።

ጆንያው ላይ ያለው ጥቁር ነገር ብድግ ሲል ነው የደነገጠው። ለመሮጥ ሲዞር ጅራቱ የመክት ጥርስ ውስጥ ነበር።

«መክት? አንተ… አትሸትም እኮ!»

«ምክርህን አጥቤ ጣልኩት» አለ መክት በጥርሱ መሃል።

አያ ጅቦ ደግሞ በዚያ በኩል በረት ደርሷል። ዳለቻ ኮቴውን ሰምታ ቀስ ብላ ጀርባዋን አዞረችለት።

«ፈራች!» አለ ጅብ፣ ደስ ብሎት ጠጋ እያለ።

መክት ሊያስጠነቅቀው ፈልጎ ነበር፤ እሱም በዚህ አልፎበታል። ነገር ግን አፉ በቀበሮ ጅራት ተሞልቶ ነበር። የዳለቻ ርግጫ የጅብን አገጭ ሲያገኘው የተሰማው ድምፅ ዶሮዎቹን ሁሉ ቀሰቀሰ። ጅብ እየተንገዳገደ፣ ቀበሮ ግማሽ ጅራቱን ትቶ ሸለቆውን ተሻገሩ።

ቅዳሜ ደረሰ፤ የእህትየው ውሻ ግን አልመጣም። ባለሱቁ ተካልኝም እንቁላሉን ሊረከብ ተመለሰ። አሁንም ዝናብ ሲዘንብ ከመክት ጆሮ ሥር ያች ሽታ ትንሽ ብቅ ትላለች። ተካልኝ አፍንጫውን ሲይዝ እትዬ አስካለ ይቆጡታል፤ እሳቸው ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው አያነሱም።

ከዚህ የምንማረው፣ ለእኛ ሲል የቆሸሸውን ወዳጅ ከማባረራችን በፊት ክርፋቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅና እጅጌን ሰብስቦ ማጠብ እንደሚገባን ነው።