የራቢያ ማንጎ

በአንድ ወቅት፣ ነጩ ተባይ የቆላውን ማንጎ ሁሉ በጨረሰበት ዓመት፣ በወንዝ ዳር ባለች መንደር አንድ ዛፍ ብቻ ንጹሕ ሆኖ ቀረ። በዚያ መንደር ልጅ ሲወለድ የማንጎ ፍሬ በስሙ ይተከላል፤ ልጁ ከሞተ ደግሞ ከዛፉ ቅጠል እንኳ አይቀነጠስም። ይህ ዛፍ በአራት ዓመቷ በወባ የሞተችው የራቢያ ነበር።

እናቷ ዘምዘም ዛፉን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አጥራ ጠበቀችው። በድርቅ ጊዜ ከምትጠጣው ውሃ ቀንሳ አጠጣችው። ባሏ «ቆርጠን ጎጆ እንሥራበት» ቢላት እሱን ከቤት አስወጣች እንጂ ዛፉን አላስነካችም።

ዶክተር ምንትዋብ የምትባል ተመራማሪ የሁለት መቶ ማንጎ ቅጠል ልትሰበስብ መጣች። ዘምዘም «ከዚህኛው አይሆንም» ብትላት፣ ገበያ የሄደችበትን ቀን ጠብቃ አጥሩን ዘልላ ሦስት ቅጠል ሰረቀች። አዎ፣ ሰረቀች፤ ለሳይንስ ነው ብትልም ያው ስርቆት ነው። በላቦራቶሪ የዛፎቹን ዲኤንኤ የዘር ልዩነትን በሚያሳይ ምልክት፣ በሞለኪዩላር ማርከር፣ ስታነጻጽር ግን ሌሎቹ በሙሉ የአንድ እናት ልጆች ያህል ተመሳስለው ተገኙ። ዘሩ የተለየው የራቢያ ብቻ ነበር። ወዲያው ለመንደሩ የተባይ መከላከያ ኮሚቴ ደውላ «ያንን ዛፍ እንዳትነኩት!» አለች።

ማን ሰምቷት! ኮሚቴ ተብዬው ተባይ አጠፋለሁ ብሎ የታመመ ጤነኛ ሳይለይ ማንጎውን ሁሉ በመጥረቢያ ሲጥል ሰነበተ። አንዲት ቅጠል አገላብጦ ያየ የለም። ዘምዘም ግንዱን ብታቅፍ አራት ጎረምሶች ጎትተው አነሷት፤ ዛፉም ወደቀ።

ችግኝ አዳቃዩ አልነዚር የዘምዘም ወንድም ነው። መጥረቢያው እንደሚመጣ በዋዜማው ሰምቶ ነበር፤ ለእህቱ ግን አልነገራትም። ተደብቆ ሦስት ቀንበጥ ቆረጠ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለ፣ በሌሎች የማንጎ ችግኞች ላይ አጣብቆ አሰራቸው። ሁለቱ ደረቁ፤ አንዱ ያዘ።

ከዚያ ዘር የቀረችው ያቺ ክንድ የማትሞላ ችግኝ ናት። ዘምዘም፣ ምንትዋብና አልነዚር በመንደሩ ሽማግሌዎች ፊት ቆሙ።

«ልጄን ሁለት ጊዜ አልቀብርም! በደጄ ትተከል፣ ማንም አይንካት» አለች ዘምዘም።

«እናቴ፣ ለእኔ ብትሰጡኝ ቆላው ሁሉ እንደገና ማንጎ ይበላል። ልዩ መሆኗንስ ያለ እኔ ማን ያውቅ ነበር?» አለች ምንትዋብ።

«እኔ ባልቆርጥ ኖሮ የምትጣሉበትም አይኖርም ነበር» አለ አልነዚር። «ለጎረቤቶቼ አባዛታለሁ፤ ለምርምር ቢሮ አልሰጥም።»

ዘምዘም ዞራ አፈጠጠችበት። «መጥረቢያው እንደሚመጣ እያወቅህ ዝም አልከኝ!»

ሽማግሌዎቹም ፍርድ ሳይሰጡ ተነሡ። ዛፉ ሲወድቅ ቆመው ያዩ ናቸው፤ ምን አፍ አላቸው! ችግኟ ደግሞ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሥሯ እየተጠማዘዘ ነው፤ ክረምቱ ሳይወጣ መሬት ካልገባች ትሞታለች። እናንተም ራስ መነቅነቁን ተዉና ንገሩኝ፦ ከጠበቀችው፣ ከለየችውና ካተረፈው፣ የራቢያ ችግኝ ለማን ትገባለች?