ወንበር የያዙ ድንጋዮች

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ለጥቂት ወራት ከአንድ የልማት ድርጅት ጋር እንዲያገለግል በከተማ ዳር፣ የላስቲክና የቆርቆሮ ቤቶች ተደጋግፈው ወደቆሙበት ሰፈር ተላከ። ሥራው ነዋሪውን ስለ እጅ መታጠብ ማሠልጠን ነው።

ተዘጋጀ። ሥዕል ሣለ፣ አዳራሽ ለመነ፣ በየቤቱ እየዞረ ጠራ። ሁሉም «እሺ» አሉት። ወገኖቼ፣ በእኛ አገር «እሺ» ምን ያህል እንደሚያስኬድ ታውቃላችሁ።

በቀኑ ማልዶ ሲደርስ ወንበሮቹ ሁሉ ተይዘዋል። በማን? በአንዱ ላይ ድንጋይ፣ በአንዱ ላይ የተቀደደ ጀሪካን፣ በአንዱ ላይ ነጠላ ጫማ። አንድ እግር ብቻ፣ ያውም የግራው።

«ጋሼ ውብሸት፣ ሰዎቹስ?» አላቸው ዘበኛውን።

«ወረፋ ይዘው ሄዱ። ቦኖው በሳምንት አንዴ ነው ውሃ የሚሰጠው፣ እሱም ዛሬ ነው። አንተ ጀምር፣ ይደርሳሉ።»

በዚህ መሐል ስልኩ ጠራ። የድርጅቱ ኃላፊ ናት። ሥልጠናውን አይታ፣ ልጁ እዚያ ይቆይ ወይም ይመለስ የምትወስነው እሷ ነች።

«ሰው ገብቷል? እየመጣሁ ነው።»

ልጁ ወንበሮቹን አየ። «ባዶ ወንበር የለም» አላት።

ዋሸ? እናንተ ፍረዱ።

ወደ ቦኖው ሮጠ። «እናቶቼ፣ እሺ ብላችሁኝ ነበር እኮ።»

እትዬ ስንቅነሽ የሚባሉ ሴት ከሰልፉ መሐል ወገባቸውን ይዘው አዩት። «አንተ ልጅ፣ እጃችሁን ታጠቡ ልትለን ነው ውሃችንን ጥለን እንድንመጣ የፈለግኸው?»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ልጁም ሳቀ፤ ምን ያድርግ?

«በል እዚሁ አስተምረን። መጀመሪያ ግን ይቺን ጀሪካን ደግፍልኝ።»

ደገፈ። እየቀዳ አስተማረ፣ እያስተማረ ቀዳ። ለሥልጠናው የያዘው ሳሙና ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

ኃላፊዋ አዳራሹ ገብታ ድንጋዮቹን ስታይ ደነገጠች። «ሥልጠናው የታለ?»

«ውሃ ሊቀዳ ወርዷል» አሏት ጋሼ ውብሸት።

ወረደች። እስከ ክርኑ አረፋ የለበሰውን ልጅ፣ ከበውት የሚሟገቱትን እናቶች አየች። ከዚያ «ትቆያለህ» አለችው።

ወገኖቼ፣ አሁን «አካላችሁ እዚህ፣ ልባችሁ ገበያ» ብዬ የምቆጣ መስሏችኋል። አንዳንዶቻችሁ ቀና ብላችሁ ተቀምጣችኋል፤ አያለሁ። አይዟችሁ። የዛሬው ነገር ስላልመጡት ነው።

«ጎረቤቴን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንቴ ጠራኋት፣ አትመጣም» ትላላችሁ። ለምን እንደማትመጣ ጠይቃችኋታል? የምታስታምመው ሰው ይኖር ይሆን? እሁድ ሥራ ገብታ ይሆን? ጌታስ እኛን ሲፈልግ ከላይ ሆኖ ጠርቶን ዝም አለ? እኛ ወዳለንበት ወረደ እንጂ።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ እሷ ሂዱ። «ለምን ቀረሽ?» አትበሏት። «ምን ላግዝሽ?» በሏት። ከዚያ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ መልሷን ሳትሰሙ እንዳትሄዱ።