ያልተፈለፈሉት እንቁላሎች

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ጋሽ ዘርጋው፤ «የጫጩት ማስፈልፈያ ሳጥን የሚሠራ።»

ጋሽ ዘርጋው በሙያ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ይህን የተናገሩት የቀድሞ ተማሪያቸው ውብእርስት ጥያቄ ይዛ ስለ መጣች ነው። ውብእርስት የፀጉር ቅባት ቀምማ ትሸጣለች፤ ገዢዎቿንም ዌቢናር በሚሉት የኢንተርኔት ስብሰባ ትጠራለች። «ጋሼ፣ ሰዉ ሞልቶ ይገባል፤ ዋጋ ስጠራ ግን አንድ በአንድ ይወጣል። ምን ብዬ ብናገር ነው የሚገዛኝ?» አለቻቸው። እሳቸውም መልሱን ትተው ታሪኩን ያዙ።

ሰውዬው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን የኖረ፣ እጁ ያወቀ ሰው ነበር። ሚስቱ ዶሮ ታረባለች። ለእሷ ብሎ ከጣውላ፣ ከአምፖልና ከትንሽ ማራገቢያ ስልሳ እንቁላል የሚይዝ ሳጥን ሠራላት። ሳጥኑ ሙቀቱን ራሱ ይቆጣጠራል፤ በሃያ አንድ ቀን ጫጩት ይወጣል። ጎረቤቱ ሁሉ አደነቀለት። እሱም ልቡ ሞላና የጥገና ሱቁን ዘግቶ፣ አናጢ ባልንጀራውን ይዞ፣ ሳጥን ወደ መሥራቱ ዞረ። ዐሥራ አራት ሠሩ። ሁለቱ ተሸጡ። የቀሩት ሳሎኑን ሞሉት፤ እንግዳ ሲመጣ መቀመጫው ሳጥን ሆነ። አናጢውም፣ «እስከ መጪው ወር መጨረሻ አያለሁ፤ ካልሆነ ወደ በርና መስኮት ሥራዬ እመለሳለሁ» አለው።

ሰውዬው ያን ጊዜ የኢንተርኔት ስብሰባ አሰበ። በዶሮ አርቢዎች የቴሌግራም ቡድን ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ከሰማንያ በላይ ሰው ተመዘገበና አርባ ሰባት ገባ። ከረባት አስሮ ቀረበ። ከልጅነቱ ጀመረ። ከዚያ ስለ ጣውላው ዓይነት፣ ስለ ሽቦው ውፍረት፣ ከውጭ ስላስመጣው ሙቀት መቆጣጠሪያ አወራ። በጽሑፍ ጥያቄ ሲመጣ «ጥያቄ በመጨረሻ» ይላል። ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ ዋጋውን ሲጠራ ስድስት ሰዎች ቀርተው ነበር፤ ከስድስቱም የአንዱ ማንኮራፋት በማይክሮፎኑ በኩል ይሰማል። የገዛ የለም።

ኮምፒዩተሩን ዘግቶ፣ «ሰዉ አይገባውም» አለ።

ሚስቱ ከጓዳ ሆና በስልኳ ስትከታተል ነበር። «ኧረ ገብቶታል» አለችው። «አንዲት ሴት ሦስት ጊዜ ‹መብራት ሲጠፋስ?› ብላ ጻፈች። ሌላው ‹እንቁላል ስንት ቀን ቢቀመጥ ነው የሚበላሸው?› ይላል። ሰዎቹ በእንቁላላቸው ተጨንቀዋል፤ አንተ ሳጥንህን ታሞግሳለህ።»

ነገሩ አመመው። እራት እንኳ አልበላም። ሲነጋ ግን ተነሥቶ የመጡትን ጥያቄዎች በሙሉ አነበበ፤ በወረቀትም ገለበጣቸው። አብዛኞቹን ዐይቷቸው እንኳ አያውቅም። እሑድ በደረሰ ጊዜ ስልሳ እንቁላል ለሚስቱ በሠራላት ሳጥን ውስጥ ደረደረና በቴሌግራም ቡድኑ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ዛሬ እንቁላል አስገብቻለሁ። የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሳጥኑን በፊታችሁ እከፍተዋለሁ። አርባ ደቂቃ ብቻ ስጡኝ።»

በሰባተኛው ቀን እንቁላሎቹን በባትሪ መብራት እያበራ ፎቶ አንሥቶ ላከ። በአንዱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀይ የደም ሥር ይታያል፤ ሌላው ባዶ ነው። ሰዉ ፎቶውን እየተቀባበለ ለጎረቤቱ አሳየ። የሚመዘገበውም በዛ።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት የሄደው እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት አልመጣም። ሰውዬው በሳጥኑ ላይ መጠባበቂያ ባትሪ ሊገጥም ካሰበ ቆይቷል፤ ነገ ዛሬ ሲል ሳይገጥመው ቀርቷል። ሚስቱ ሳጥኑን በጋቢ ጠቀለለችው፤ ሙቅ ውኃ በጀሪካን እየሞላች በዙሪያው ደረደረች። እሱ ቆሞ ከማየት በቀር የሚያደርገው አልነበረም።

የተቀጠረው እሑድ ደረሰ። እኩለ ቀን ላይ በመስታወቱ ሲያጮልቅ ከግማሽ እምብዛም አልፎ አልተፈለፈለም። አናጢው አጠገቡ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ።

«ስማኝ ወንድሜ፣ ጫጩት ሻጩ ሩቅ አይደለም። ዛሬ የተፈለፈሉ ሃያ አምስት ጫጩቶች ገዝተን እንጨምርበት። ጫጩት እንደሆነ ከየት መጣሁ ብሎ አይናገር። ማን ያውቅብናል?»

ሰውዬው ጫማውን አጠለቀ። እስከ ውጭው በር ድረስም ሄደ። እጁን መዝጊያው ላይ እንዳሳረፈ ግን ያቺ ሦስት ጊዜ የጠየቀች ሴት ትዝ አለችው። መልኳን አያውቅም። ሆኖም ሳጥኑን ገዝታ፣ መብራት ጠፍቶባት፣ በሃያ አንደኛው ቀን በሞቱ እንቁላሎች ፊት ቁጭ ብላ ታየችው። ‹እኔ ምን አጠፋሁ?› ስትልም የሰማ መሰለው። ጫማውን አወለቀ። ተመለሰ።

«ያለውን እናሳያለን» አለ።

«እንግዲያው በርና መስኮቴ ይጠብቀኛል» አለ አናጢው፤ ሆኖም አልሄደም።

በዘጠኝ ሰዓት ዘጠና ሦስት ሰዎች ገቡ። ሰውዬው ሰላምታ ሰጠና ወዲያው ክዳኑን አነሣ። የጫጩቶቹ ጩኸት ቤቱን ሞላው። ገሚሶቹ ደርቀው እንደ ጥጥ ተነፍተዋል፤ ገሚሶቹ ገና እርጥብ ናቸው። ካሜራቸውን በከፈቱ ሰዎች ዘንድ ልጆች ከየትም ሮጠው መጥተው ስክሪኑን ሲከቡ ይታያል። በፊታቸው አንድ በአንድ እያነሣ ቆጠረ። ሠላሳ ሦስት ሆኑ። ሃያ ሰባቱ እንቁላል እንደ ሆኑ ቀሩ።

አንድ ሰው፣ «ግማሹ ቀረ እኮ!» ብሎ ጻፈ። ሰዉ ይወጣ ጀመር፤ ሰማንያ ሆነ፣ ሰባ አንድ ሆነ። ሰውዬው ካልተፈለፈሉት እንቁላሎች አንዱን አነሣና ነጭ ሳሕን ላይ ሰበረው።

«ይህ በፎቶ ያሳየኋችሁ ባዶው ነው» አለ። «ልዩነቱን እንድታዩ ብዬ ነው ያቆየሁት። አውራ ዶሮ ያላገኘው እንቁላል ነው፤ እናንተ በሰባተኛው ቀን አውጡት።» ሁለተኛውን ሰበረ፤ ግማሽ ያደገ ጫጩት ነበረበት። «ይህ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን የሞተ ነው። መብራት ለዘጠኝ ሰዓት ያህል ጠፋብኝ። ጥፋቱ የመብራቱ ብቻ አይደለም፤ የኔም ነው። ሳጥኔ ባትሪ ሊኖረው ይገባ ነበር፣ ሰንፌ ተውሁት።» ሦስተኛውን ሰበረ። «ይህ ሙሉ ጫጩት ነው፤ ሊወጣ ሲል ደረቀበት። ሳጥኑ ውስጥ እርጥበት የሚሰጠው የውኃ ሳሕን ጎድሎ ነበር። እኔም ለማየት ስጓጓ ክዳኑን ደጋግሜ ከፈትሁ። እናንተ ከዐሥራ ስምንተኛው ቀን በኋላ አትክፈቱት።»

መውጣቱ ቆመ። የወጡትም፣ ሌላው ነግሯቸው ይሆናል፣ እየተመለሱ ገቡ። አንዲት ሴት ድምፅዋን ከፈተች።

«ወንድሜ፣ ያን ጊዜ ‹መብራት ሲጠፋስ?› ብዬ የጠየቅሁህ እኔ ነኝ። በኛ ሰፈር በሳምንት ሦስት ቀን ይጠፋል። ልግዛ ወይስ ልተው?»

ዐሥራ ሁለት ሳጥኖች ከጀርባው ተደርድረዋል። አናጢው ከካሜራው ውጭ ሆኖ በዐይኑ ‹በል እንጂ!› ይለዋል።

«እኅቴ፣ ባትሪ እስክታዘጋጂ አትግዢ» አላት። «እስከዚያ የምትታቀፍ ዶሮሽን እመኚ። ከማሳቀፍሽ በፊት እንቁላሉን ከሳምንት በላይ አታቆዪ፤ ጎጆዋንም ከነፋስ ከልዪላት።»

የቀሩትን ጥያቄዎች ከወረቀቱ እያነበበ መለሰ። በመጨረሻ ዋጋውን አንድ ጊዜ፣ ሳያዞር ሳይሸራርፍ ተናገረ፤ በየትኛው ስልክ እንደሚታዘዝም ነገራቸው። ከዚያ ትእዛዝ ጠበቀ። የጻፈ የለም። ‹አለቀልኝ› ሲል አንድ ሽማግሌ፣ «እስካሁን እንቁላል ሰብሮ ገመናውን ያሳየኝ ነጋዴ አልገጠመኝም። አንድ ላክልኝ፤ ባትሪውን ግን ጨምርበት» አሉት። በዚያው ቀን አራት ታዘዘ። ተመዝግበው ላልመጡትም የስብሰባውን ቪዲዮ ቅጂ ላከ፤ ለጠየቀው ሁሉ በማግስቱ ደወለ። ያቺ «አትግዢ» ያላት ሴት ሁለት ጎረቤቶቿን ላከችበት። በወሩ መጨረሻ ሳሎን ውስጥ የቀረው አንድ ሳጥን ብቻ ነበር፤ እሱንም ሚስቱ «ይህ የኔ ነው» ብላ አይሸጥም አለች። አናጢውም በየሳጥኑ የባትሪ ማስቀመጫ ሲቀጥል ከረመ እንጂ በርና መስኮቱን አላስታወሰም።

ጋሽ ዘርጋው ታሪኩን ሲጨርሱ ወደ ውብእርስት ዞሩ።

«ልጄ፣ ምን ብዬ ብናገር ብለሽ ጠየቅሽኝ። እስቲ እኔም ልጠይቅሽ። ቅባትሽ ያልሠራላት ሰው አለች?»

ውብእርስት አንገቷን ደፋች። «አለች፤ አንዲት ደንበኛዬ። የራስ ቆዳዋን አሳከካት። ከዚያ ወዲህ ስትደውል አላነሣላትም።»

«እንግዲያው ሳጥንሽ ቅባቱ ነው፤ ያልተፈለፈለው እንቁላልሽ ደግሞ እሷ ናት። ሰው ዋጋ ስትጠሪ የሚወጣው ዋጋው ከብዶት አይምሰልሽ፤ የፈራውን ነገር ሳትነግሪው ገንዘቡን ስለምትጠይቂው ነው። ሰብረሽ አሳዪው። ለማን እንደሚስማማ፣ ለማን እንደማይስማማ ከአፍሽ ይስማ። ዐይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል።»

«ሁሉም ፊት ጋሼ?»

«ሁሉም ፊት። መጀመሪያ ግን ለሷ ደውዪላት» አሏትና ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው እጇ ላይ አኖሩላት።