በሁለት ሳፋ የተለወጠው ኮምፒውተር

አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ ነበር። ስሙ ማንደፍሮ ይባላል። በአሰላ ከተማ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሌሎች አይሆንም ብለው የመለሱትን ማሽን እሱ ከፍቶ፣ ጠርጎ፣ ፈታትቶ ያስነሳዋል። እሱ አይሠራም ያለውን ደግሞ ማንም ወደ ሌላ ጠጋኝ አይወስደውም።

ገዛኸኝ የሚባል የልጅነት ጓደኛ ነበረው። አንድ ክፍል፣ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተማሩት። ማንደፍሮ ሁልጊዜ አንደኛ ይወጣል፤ ገዛኸኝ ደግሞ የሒሳብ የቤት ሥራውን ከእሱ ደብተር እየገለበጠ በጭንቅ ያልፋል። ገዛኸኝ አድጎ የግብርና ባለሙያ ሆነ። በየገጠሩ እየዞረ ገበሬዎችን ስለ ገብስ ይጠይቃል። የትኛው ዘር ውርጭ እንደሚችል፣ ዋግ ሲመታው ምን እንደሚደረግ፣ በየትኛው ወር ምን ዓይነት ማሳ እንደሚታረስ። ከሥራ ሲመለስ የሰማውን ቤቱ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል። አራት ዓመት ጻፈ። በመጨረሻም አንድ የግብርና ኮሌጅ መጽሐፉን ሊያሳትምለት ተስማማ።

ማንደፍሮ መጀመሪያ ከልቡ ደስ ብሎት ነበር። ኮምፒውተሩን የገጣጠመለትም እሱ ነው። ነገሩ የተበላሸው ሰዎች ገዛኸኝን "ደራሲው" ማለት ሲጀምሩ ነው። በአንድ ሠርግ ላይ አንድ ዘመድ ማንደፍሮን አጠገቡ ለተቀመጡ እንግዶች ሲያስተዋውቅ፣ "ይሄ የደራሲው ኮምፒውተር ሠሪ ነው" አላቸው። ሰውየው ክፉ አላሰበም። ማንደፍሮ ግን ከዚያ በኋላ ምግቡን መብላት አቃተው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የገዛኸኝ ስም በተነሳ ቁጥር ወሬ ይለውጣል። ሰዎች ሲያመሰግኑት ሲሰማ፣ "ከእኔ ደብተር ሲገለብጥ አልነበር እንዴ?" ይላል ለራሱ። ገዛኸኝ በከተማው ሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ሲያደርግ ሱቁ ውስጥ ሬዲዮውን ዘጋው፤ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ከፈተው፤ የራሱ ስም ይጠራ እንደሆነ ለመስማት ነበር። አልተጠራም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ገዛኸኝ ደወለለት።

"ኮምፒውተሩን ስከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ሆነብኝ። ምንም አያሳይም። ጽሑፉ ደግሞ ሰኞ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ኮሌጁ መድረስ አለበት።"

"ሌላ ቦታ አላስቀመጥከውም?"

"ፍላሽ ላይ ያለው የዛሬ ሁለት ዓመቱ ነው። ግማሹ እንኳ አይሆንም።"

ማንደፍሮ ዕቃውን ይዞ ሄደ። ማብሪያውን ሲጫን መብራቱ በራ፣ ፋኑም ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። የሞኒተሩን ገመድ ነቅሎ ሰካው። ለውጥ የለም። ይዞት የመጣውን ሌላ ሞኒተር ሞከረ። እሱም ጥቁር ሆነ።

"ማሽኑን ያንቀሳቀሰው ሰው አለ?" ሲል ጠየቀ።

"ትናንት ግድግዳ ስንቀባ ጠረጴዛውን ገፍተነው ነበር" አለች የገዛኸኝ ሚስት አስካለ።

ማንደፍሮ ሳጥኑን ፈታ። ችግሩን ወዲያው አየው። ራሟ፣ ያቺ ከጣት ረዘም ያለች የሚሞሪ ካርድ፣ በአንድ ጎኗ ከቦታዋ ተነስታለች። ጥርሶቿም አቧራ ለብሰዋል። አውጥቶ በላጲስ ፈተግ ፈተግ ማድረግና መልሶ መጫን ብቻ ነበር የሚቀረው። በሱቁ ውስጥ ይህንን በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይሠራዋል። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ካርዷን አውጥቶ በእጁ ያዛት። ቀና ሲል ገዛኸኝ ላብ ባጠመቀው ፊት ያየዋል። ሠርጉ ትዝ አለው፤ ሬዲዮውም ትዝ አለው። ካርዷን እንደነበረች አጋድሞ መለሳትና ሳጥኑን ገጠመ።

"ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል" አለ። "ጽሑፉ ያለበት ሃርድ ዲስክም አብሮ ሄዷል።"

"ምንም ማድረግ አይቻልም?"

"አይቻልም።"

ገዛኸኝ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። "እሺ፤ ስለመጣህልኝ አመሰግናለሁ" አለው።

ማንደፍሮ ወደ ሱቁ ሲመለስ ሰውነቱ ቀለለው። ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳውን በደንብ በላ። ከገዛኸኝ ጋር እኩል የሆኑ መሰለው።

እሑድ ግን ወሬው ተሰምቶ ሰዉ ሁሉ ወደ ገዛኸኝ ቤት ጎረፈ። ማንደፍሮም መቅረቴ ያስጠረጥረኛል ብሎ ሄደ። ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሏል። "የአራት ዓመት ልፋት" እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። "እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል" ይላሉ። ማንደፍሮ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። መጽሐፉ ጠፍቶም ሰዉ የሚወደው ገዛኸኝን ነው። በማጽናኛውም ቀናበት። እንደቀና ሲገባው ራሱን ፈራ።

ከእንግዶቹ መካከል ኦቦ ጉተማ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ከሩቅ ቀበሌ በጋሪ ነው የመጡት። ገዛኸኝን እጁን ይዘው፣ "እኔ የነገርኩህን ተመልሰህ ና፤ ደግሜ እነግርሃለሁ" አሉት። "ወንድሜ የነገረህን ግን እኔ አላውቀውም። የዘር መረጣ የሚያውቀው እሱ ነበር። እሱ ደግሞ ባለፈው ክረምት አረፈ። የልጅ ልጄ ከመጽሐፉ እንድታነብልኝ ስጠብቅ ነበር።"

ገዛኸኝ አንገቱን ደፋ። ማንደፍሮ ተነስቶ ወጣ።

እስከዚያች ሰዓት የጎዳው ገዛኸኝን ብቻ ይመስለው ነበር። አሁን ሌላም ሰው አለ። መንገድ ላይ እየሄደ አንድ ዘዴ አሰበ። ጠዋት ሄዶ፣ "እስቲ አንዴ ደግሜ ልየው" ይላል። ካርዷን ያስተካክላታል። ማንም ምንም ሳያውቅ ነገሩ ያልቃል።

ሰኞ ጠዋት ሲደርስ ጠረጴዛው ባዶ ነው። አስካለ ደጅ ላይ በሁለት አዳዲስ የፕላስቲክ ሳፋዎች ልብስ ታጥባለች።

"ኮምፒውተሩስ?" አላት።

"አሮጌ ዕቃ ለሚለውጠው ልዋጭ ሰጠሁት" አለችው። "ገዛኸኝ ባየው ቁጥር ይታመማል። ሁለት ሳፋ ሰጠኝ። አንተ አይሆንም ካልክ ለምን ቤት ያጣብባል ብዬ ነው።"

ማንደፍሮ አልተሰናበታትም። ልዋጮች ዕቃ የሚያራግፉት ገበያው ዳር ባለ ሜዳ ነውና ወደዚያ ሮጠ። በቆርቆሮ፣ በጫማና በጠርሙስ ክምር መካከል አንድ ሰው የኮምፒውተር ሳጥን ፈታትቶ መዳቡን ይለቅማል። ሳጥኑን ማንደፍሮ አወቀው። ውስጡ ባዶ ነበር።

"ወንድሜ፣ ሃርድ ዲስኩን የት አደረግከው?"

"ምኑን ጋሼ?"

"እንዲህ የምታክል፣ ከባድ፣ ብረት የለበሰች።"

ሰውየው አንድ ጆንያ ገልብጦ ዘረገፈለት። ሦስት ዲስኮች ከዝገት ጋር ወደቁ። የትኛው የገዛኸኝ እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ማንደፍሮ ሰውየው የጠየቀውን ዋጋ ከፍሎ ሦስቱንም ወሰደ። ሱቁ ገብቶ የመጀመሪያውን ከራሱ ማሽን ጋር አገናኘው። አልተነሳም። ሁለተኛውን አገናኘ። ውስጡ የማያውቀው ሰው የሠርግ ፎቶዎች ነበሩ። ሦስተኛውን አገናኘ። ተከፈተ። "ገብስ" የሚል ፎልደር ነበር።

ወደ ገዛኸኝ ቤት ሲሄድ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። ጽሑፉን የገለበጠበትን የራሱን ላፕቶፕ ከፍቶ አሳየው። ገዛኸኝ ገጾቹን አንድ በአንድ ወደ ታች ወሰደ። የኦቦ ጉተማ ወንድም የተናገሩት ላይ ሲደርስ ማንበብ አቃተው፤ ማንደፍሮን አንገቱን አቅፎ አለቀሰ።

"ተቃጥሏል ያልከውን እንዴት አዳንከው? አስካለ ለልዋጭ ሰጥታው አልነበር? በመግቢያው ላይ መጀመሪያ የማመሰግነው አንተን ነው። ሬዲዮም ላይ እናገራለሁ።"

ማንደፍሮ ወራት ሙሉ የተራበው ይህንን ነበር። ዝም ቢል የእሱ ነው። ማንም አያውቅም።

"ስሜን አትጻፍ" አለ። "አልተቃጠለም ነበር።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ራሟ ተነቃንቃ ነው። ቅዳሜ አይቻታለሁ። አውቄ ነው የዋሸሁህ።"

"ለምን?"

"ስለቀናሁብህ።"

ገዛኸኝ እጁን ከትከሻው ላይ አነሳ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። "አሁን ጊዜ የለኝም" አለና ጽሑፉን በፍላሽ ገልብጦ ወደ ኮሌጁ ሄደ። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አስረከበ።

መጽሐፉ ታተመ። መግቢያው ላይ የሃያ ሦስት ገበሬዎች ስም አለ። የማንደፍሮ የለም። ገዛኸኝ የሆነውን ለሚስቱ እንኳ አልነገረም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ይሳሳማሉ፤ የልጆች ጤና ይጠያየቃሉ።

በዓመቱ ማንደፍሮ በዚያ ሲያልፍ ከሌላ ሰፈር የመጣ ጠጋኝ ከገዛኸኝ ቤት ዕቃውን ይዞ ሲወጣ አየው። ገዛኸኝ ደጅ ቆሟል።

"አዲሱ ማሽን ተበላሽቶ ኖሯል?" አለው ማንደፍሮ።

"አዎ፣ አሁን ተሠራ።"

"እኔን ብትጠራኝ ምን ነበረበት? እስከ ዛሬ አልረሳህልኝም?"

ገዛኸኝ ወደ እሱ ቀረበ። "አልጠላሁህም ማንዴ። እውነቱን ደፍረህ በመናገርህም አከብርሃለሁ። ግን አንተ ማሽኑን ስታይ እኔ የአንተን ፊት ሳይ ልውል ነው። ያ ለሁለታችንም ይከብዳል።"

ማንደፍሮ "ደህና ዋል" ብሎት ወደ ሱቁ ሄደ።

ቀናተኛ ሰው ከሌላው ላይ የሚቀንስ ይመስለዋል። ከገዛኸኝ ምንም አልቀነሰም፤ ክብሩም መጽሐፉም አለ። ማንደፍሮ ግን ሰዎች በሚያመሰግኑት ነገር ላይ ዓይኑን ተክሎ፣ በእጁ የነበረውን አላየውም ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ቃሉን ሳይመረምር የሚቀበለው አንድ ጓደኛ ነበረው። የገዛኸኝ ይቅርታ ጓደኝነቱን መለሰለት፤ ያንን እምነት ግን አልመለሰለትም።

እናንተስ፣ የቅርብ ሰዋችሁ ሲሞገስ ስትሰሙ መጀመሪያ በልባችሁ የሚያልፈው ምንድን ነው? ልትረዱት እየቻላችሁ "አልችልም" ያላችሁት ሰው ካለ፣ ነገሩ ከእጃችሁ ሳይወጣ ዛሬውኑ ሂዱለት።