የተደፋው ድስት

እኛ በምንኖርበት ሕንፃ፣ ከአንዱ በር አጠገብ ድስት ተደፍቶ ያየ እንግዳ ቆሻሻ ይመስለውና ሊያነሣው ይቃጣዋል። ተው፣ አታንሣ! ምልክት ነው፤ የዚህ ቤት ሴት የለችም፣ በእጇ የሚበላ ሰው ካለ ጎረቤት ይያዝላት ማለት ነው። ሽማግሌዎቻችን እንደሚሉት ልማዱ እዚህ እስራኤል አልተገኘም፤ ከወገራ፣ ወይና ምንጭ ከምትባል የቤተ እስራኤል መንደር አብሮን የመጣ ነው።

እንደሚነገረው፣ ከክፉው ቀን በኋላ በወይና ምንጭ የቀሩት ስድስት ቤቶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም መቅበር የደከማቸው፣ መዝራት የደከማቸው፣ መጸለይ እንኳ የደከማቸው ሰዎች ነበሩ። ቄስ ነጋቱ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ኦሪቱን የሚረከባቸው ጓንጉል የሚባል አንድ ተማሪ ብቻ ቀርቷቸዋል፤ ወላጆቹ በክፉው ቀን ያለቁበት፣ ሌላ መሄጃ የሌለው ሰው። ስድስቱ ቤቶች ቀን ተካፍለው ሊያበሉት ተስማሙ፤ ሰንበትን ቄሱ ወሰዱ። «አንድ ቤት እንኳ ካጉረመረመ ግን አሰናብተዋለሁ፤ በደከመ ሰው ላይ ሸክም አልጨምርም» ብለው ነበር ይባላል።

ማክሰኞ የትርንጎ ነበር፤ ባሏ የሞተባት ነፍሰ ጡር ሸክላ ሠሪ ናት። አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ ምጥ ያዛትና አራስ ጎጆ ገባች፤ ሴት ልጅ ስለ ወለደች በሕጉ መሠረት ሰማንያ ቀን ከሰው ተለይታ ተቀመጠች። ጎረቤቶቿ ምግብ ያመላልሱላት ነበር። የእሷን ማክሰኞ ግን ማንም አላሰበው። ክፋት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ቤት ሌላው ይዞላታል ብሎ ነው።

ጓንጉል በወለደች ማግስት፣ ማክሰኞ፣ ሄዶ የተዘጋ በር አገኘ። ጎረቤት ቢጠይቅ ማጉረምረም ይመጣል፣ ማጉረምረም ከመጣ ትምህርቱ ቀረ። ወንዝ ወርዶ ውኃ ጠጥቶ ሲመለስ፣ ቄሱ «በላህ ወይ?» አሉት። «ማክሰኞን ልጾም ተስያለሁ፣ አባ» አለ። ቄሱ ደስ አላቸው፤ በየሰንበቱ በጉባኤው ፊት ያመሰግኑት ጀመር፤ ሰውም «አቤት ተማሪ!» ይል ነበር። ጓንጉል ግን ከቀን ቀን ከሳ።

ሰማንያው ቀን ሞልቶ፣ ገላዋንና ልብሷን አጥባ ወደ ጸሎት ቤት በመጣችበት ሰንበት፣ ትርንጎ ይህን ምስጋና ሰማች። አጠገቧ የቆመችውን ጎረቤቷን «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጾመው?» አለቻት።

«አንቺ ከወለድሽ ወዲህ።»

ትርንጎ ጨቅላዋን እንዳቀፈች በሰዉ መካከል አልፋ ቄሱ ፊት ቆመች። «አባ፣ ይህን ጾም ያወጅሁበት እኔ ነኝ፤ ማክሰኞ የኔ ቀን ነው» አለች። ወደ ሰዉም ዞራ፣ «አሥራ ሁለት ማክሰኞ ለኔ ስታመጡ፣ እሱን ማን አበላው?» ብላ ጠየቀች።

ቄሱ ጓንጉልን ወደ ራሳቸው ስበው ትከሻውን ዳሰሱ፤ አጥንት ብቻ መሆኑን ያወቁት ያን ጊዜ ነው ይባላል። «ለካ ሳመሰግን የኖርሁት ረኃብህን ነው፤ ይቅር በለኝ፣ ልጄ» ብለው የሰንበቱን ዳቦ ሙሉውን ሰጡት፣ አለቀሱም። ከዚያ ወዲህ ሴት ከቤቷ ስትለይ ድስቷን ደጇ ላይ እንድትደፋ፣ ያየ ጎረቤትም ቀኗን እንዲይዝላት ደነገጉ። ጓንጉልም በኋላ ቄስ ሆነ፤ እገሌ ጾመኛ ነው ሲሉት፣ «መጀመሪያ የሚበላበትን ቤት አሳዩኝ» ይል ነበር አሉ።

እዚህ አገር አራስ ጎጆ የለም፤ ተማሪውም የሚበላው ከትምህርት ቤቱ ነው። ድስቱ ግን አለ። ባለፈው ወር ለዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ስገባ፣ እኔም ድስቴን ደፍቼ ነበር የወጣሁት፤ ባለቤቴ ድሮ የቄስ ተማሪ የነበረ፣ አሁን ዓይኑ የማያይ ሽማግሌ ነው። ስመለስ ደረጃው ነፍሴን አወጣት፤ እያረፍሁ ወጥቼ ባይ ድስቱ የለም። ለካ አዲሱ የጽዳት ሠራተኛ ቆሻሻ መስሎት በወጣሁበት ዕለት ወስዶታል።

ገብቼ «በላህ ወይ?» አልሁት።

«ጾም ይዣለሁ» አለኝ።